ጣሉት ወይስ ወደቀ? ስለ ጄኔራል ሲኮርስኪ አውሮፕላን የሚባለውና እውነታው

ትልቅ ሰው የጫነ አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር «ጣሉት እንጂ አልወደቀም» የሚል አይጠፋም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ጂብራልታሩ የበዛበት አደጋ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1943 (በእኛ ሰኔ 27 ቀን 1935) ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዳለፈ ነው። ለንደን የነበረው የፖላንድ የስደት መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትርና የጦር አዛዥ ጄኔራል ቭላዲስላቭ ሲኮርስኪ በመካከለኛው ምሥራቅ ያለውን ጦራቸውን ጎብኝተው ይመለሱ ነበር። የተሳፈሩበት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሊበሬተር አውሮፕላን ከጂብራልታር (በስፔን ደቡብ ጫፍ ካለው የእንግሊዝ ይዞታ) መንደርደሪያ ተነስቶ 16 ሰከንድ ያህል እንደበረረ ባሕር ውስጥ ገባ። ከ17ቱ ሰዎች የተረፈው ቼኩ አብራሪ ኤድዋርድ ፕርኻል ብቻ ነው።

«ጀርመኖች መትተው ጣሉት።»
አልመቱትም። ተኩስም የጠላት አውሮፕላንም አልነበረም።

«ጄኔራሉ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ታንቀው ወይም በጥይት ተመትተው ነበር።»
ይህ ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲናፈስ ከርሞ፣ በ2008 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አስከሬናቸው ክራኮቭ ከሚገኘው የቫቬል ካቴድራል ወጥቶ ተመረመረ። ጥይት፣ መታነቅ ወይም መርዝ አልተገኘም። ጉዳቱ በአውሮፕላን አደጋ የሚደርስ ዓይነት ነው። ምርመራው የሚነግረን ግን እንዴት እንደሞቱ ነው፤ አውሮፕላኑ ለምን እንደወደቀ አይነግረንም። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው።

«አብራሪው ያውቅ ነበር፤ ባይሆንማ የነፍስ አድን ጃኬት ለብሶ አይገኝም።»
ከሁሉም የሚያጠራጥረው ይህ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ቆም ብዬ አስቤያለሁ። ፕርኻል ሲበር ጃኬቱን የመልበስ ልማድ እንደሌለው ተናግሯል፤ ከባሕር ሲያወጡት ግን ለብሶት ነበር። መቼ እንደለበሰው አላስታውስም አለ። ክፉኛ ቆስሎ የወጣ ሰው ይህን ቢረሳ አይገርምም።

ደግሞስ ሴራ ቢሆን ምን ዓይነት ሴራ ነው? ሊበሬተር ለረጅም ጉዞ ነዳጅ ሞልቶ ሲነሳ እጅግ ይከብዳል። ያን የሚያህል አውሮፕላን በጨለማ ሆን ብሎ ባሕር ላይ ጥሎ እተርፋለሁ ብሎ የሚያስብ አብራሪ ይኖራል? ፕርኻል የሰጠው ቃል የሚከተለው ነው፦ ከተነሳ በኋላ እንደ ልማዱ ፍጥነት ለመሰብሰብ መሪውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ፤ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ መልሶ ወደ ራሱ ሲስበው አልንቀሳቀስ አለው። መሪው የሚያዘው ጅራቱ ላይ ያለውን፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ይህ ከተቆለፈ ሌላ መላ ለመሞከር ጊዜ የለም። በ1967 አንድ ጀርመናዊ ጸሐፌ ተውኔት የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን በሲኮርስኪ ሞት የሚወነጅል፣ አብራሪውንም ተባባሪ የሚያስመስል ቴአትር ሲያወጣ፣ ፕርኻል ስሜ ጠፋ ብሎ ለንደን ላይ ከሰሰ፤ በ1972 ተፈረደለት።

«ሶቪየቶች ናቸው።»
ለጥርጣሬው ምክንያት አለው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ሶቪየቶች የገደሏቸው የፖላንድ መኮንኖች የተቀበሩበት የካቲን የጅምላ መቃብር መገኘቱ ሲነገር ሲኮርስኪ ቀይ መስቀል እንዲያጣራ ጠየቁ፤ ሞስኮ ግንኙነቷን በጠሰች። በአደጋው ቀን በለንደን የሶቪየት አምባሳደር የነበረው ኢቫን ማይስኪ በጂብራልታር አልፏል። ኋላ የሞስኮ ሰላይ መሆኑ የተጋለጠው ኪም ፊልቢም ያኔ በእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ውስጥ የዚያን አካባቢ ጉዳይ ይዞ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንዳቸውም አውሮፕላኑን ነክተዋል የሚል ማስረጃ አልቀረበም።

«እንግሊዞች መርምረው አደጋ መሆኑን አረጋግጠዋል።»
ይህም የተሳሳተ ነው፤ ሴራ የለም ባዮች የሚይዙት ስሕተት። መርማሪው ቡድን መሪው መቆለፉን ተቀበለ፤ አብራሪውንም ነጻ አደረገ። እንዴት እንደተቆለፈ ማወቅ አልተቻለም አለ፤ አስከትሎም አሻጥር አለመኖሩ ተረጋግጧል አለ። ምክንያቱን ሳታውቅ አሻጥር አለመሆኑን በምን አረጋገጥክ? የፖላንድ የስደት መንግሥትም ይህን መደምደሚያ አልተቀበለም። ፖላንድ ራሷ የከፈተችው ምርመራም በ2013 ሲዘጋ አሻጥር ነበር አላለም፤ አልነበረምም አላለም።

«ልጃቸው ዞፊያ በሕይወት ሩሲያ ተወሰደች።»
አብራቸው ተሳፍራ ነበር፤ አስከሬኗ ስላልተገኘ የተነሳ ወሬ ነው። ባሕሩ ያልመለሰው ግን የእሷን ብቻ አይደለም።