ሻፐሮን ፕሮቲኖች እና የነርቭ ሕዋሳትን የሚያመነምኑ በሽታዎች

ሻፐሮን የሚባሉት አጋዥ ፕሮቲኖች ሌሎች ፕሮቲኖች ትክክለኛ ቅርጻቸውን ይዘው እንዲታጠፉ ይረዳሉ፤ የተበላሹትም እንዲታደሱ ወይም እንዲወገዱ ያደርጋሉ። አልዛይመር፣ ፓርኪንሰን፣ ሀንቲንግተን እና ኤኤልኤስ (የእንቅስቃሴ ነርቮችን የሚያመነምን በሽታ) አነሳሳቸው ቢለያይም፣ በቅጡ ያልታጠፈ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ወይም በመካከላቸው መከማቸቱ የጋራ ምልክታቸው ነው። የበሰለ የነርቭ ሕዋስ ስለማይከፋፈል የተጠራቀመበትን ብልሹ ፕሮቲን ለአዳዲስ ሕዋሳት አካፍሎ ሊያቃልለው አይችልም፤ በሻፐሮኖች ላይ ያለው ጥገኝነት የጠና የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሻፐሮኖች ሁሉ በላይ የተጠናው ኤችኤስፒ70 ነው (ኤችኤስፒ ማለት የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን ነው)። የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ከሆነው ኤቲፒ ጋር ተያይዞ ክፍት በሆነበት ጊዜ፣ በፕሮቲን ላይ ያለአግባብ የተገለጠውን ውሃ የሚሸሽ ክፍል ይቀበላል፤ ረዳቶቹ በሆኑት የኤችኤስፒ40 ቤተሰብ ፕሮቲኖች ገፋፊነት ኤቲፒው ሲሰበር የያዘውን አጥብቆ ይዘጋል፤ ሌላ ረዳት ከኤቲፒው ስብራት የቀረውን ኤዲፒ ሲያስለቅቅለት ደግሞ ይከፈትና ፕሮቲኑ እንደገና የመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ሊስተካከል ያልቻለው ዩቢኪቲን የሚባል መለያ ፕሮቲን ተለጥፎበት ፕሮቲን ወደሚሰባብረው ፕሮቲያሶም ይላካል።

የዘርፉ ታሪክ ከዝንብ ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪው ፌሩቾ ሪቶሳ የሞቁ ዝንቦች ክሮሞሶሞች በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ሲያብጡ ተመለከተ፤ በዚህ የሙቀት ምላሽ የሚመረቱት ፕሮቲኖች፣ ማለትም ኤችኤስፒዎች፣ በ1974 ተለዩ። ትልቁ እመርታ በ1999 መጣ። የናንሲ ቦኒኒ ቡድን ግሉታሚን የተባለው አሚኖ አሲድ የተራዘመ ድግግሞሽ ያለው የሰው ፕሮቲን በፍራፍሬ ዝንብ ዓይን ውስጥ እንዲመረት ሲያደርግ ዓይኑ እየመነመነ ሄደ፤ የሰው ኤችኤስፒ70 ሲጨመርበት ግን ጉዳቱ በእጅጉ ተገታ። እጅግ አስተማሪ የሆነው ነገር የፕሮቲኑ ክምችት ከሕዋሳቱ ሳይጠፋ ሕዋሳቱ መትረፋቸው ነው። በ2002 ያው ቡድን በፓርኪንሰን የሚከማቸው ፕሮቲን አልፋ ሲኑክሊን የሚገድላቸውን የዝንብ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት በተመሳሳይ መንገድ አዳነ። ዋናው መርዝ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ትልቅ ክምችት ሳይሆን ከእሱ የሚያንሱ ስብስቦች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው አስተሳሰብ ከእነዚህ ሙከራዎች ብርቱ ድጋፍ አግኝቷል። ይህን ያህል እውቀት ያተረፈችልን ትንሽ ነፍሳት ልትከበር ይገባታል።

በሰው ዘንድ የትናንሾቹ ሻፐሮኖች የኤችኤስፒቢ1 እና የኤችኤስፒቢ8 ጂኖች ለውጥ በዘር የሚወረስ የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕመም ያስከትላል፤ ዲኤንኤጄሲ13 የተባለው የሌላ ሻፐሮን ጂን ለውጥ የፓርኪንሰን መንስኤ ነው መባሉ ግን ያከራክራል። ሻፐሮን ሁሉ ዘወትር ጠባቂ ነው ማለትም አይቻልም። ኤችኤስፒ90 የተባለው ሻፐሮን በአልዛይመር የሚከማቸው ፕሮቲን የሆነው ታው ሲበላሽ እንዳይወገድ ሊያቆየው ይችላል፤ ኤችኤስፒ70 እና አጋሮቹም የአልፋ ሲኑክሊን ክሮችን በቤተ ሙከራ መበታተን ቢችሉም፣ እንዲህ ያለው መበታተን በሽታ የሚያዛምቱ ፍንካቾችን ያበዛ እንደሆነ ተመራማሪዎች አልተስማሙም።

የሙቀት ምላሹን እንዲያጎለብት የታሰበው መድኃኒት አሪሞክሎሞል በ2021 በኤኤልኤስ ላይ በተደረገው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ አልተሳካለትም። በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሚግሉስታት ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ለኒማን ፒክ ሲ፣ በዘር ለሚወረስ ብርቅ በሽታ፣ ፈቀደው፤ ጥቅሙ በሻፐሮኖች በኩል የሚመጣ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም።