ከማራቶን ማገገም ምንድን ነው?

«ማራቶን የጨረሰ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ምን ያቅተዋል? እግሩን ማመም ካቆመ አገግሟል።» ሰሞኑን አንድ የሩጫ ተንታኝ ይህን ሲል ሰማሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ሐሳብ አምነው ቶሎ ወደ አጭር ውድድር የተመለሱ ሯጮች ባታቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ስለሚመጡ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሕመም መጥፋትና ማገገም አንድ አይደሉም። የጡንቻ ሕመሙ ከውድድሩ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል። ሳምንት ሲሞላ ደረጃ መውረድ አያስቸግርም። ውስጡ ግን ገና ነው። በጡንቻ ክሮች ላይ የደረሰው ጥቃቅን ጉዳት ለመጠገን ሳምንታት ይፈልጋል። ጅማትና አጥንት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያሉ።

መተማ ድረስ ጭኖ ሄዶ የተመለሰ አይሱዙ አስቡ። ነዳጁ ማደያ ገብቶ ይሞላል። ሯጭም በደንብ ከበላ በጡንቻው ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት በጥቂት ቀናት ይመለሳል። ሞተሩ፣ ማለትም ልብና ሳንባው፣ በማግስቱ ያለችግር ይነሳል። ችግሩ ባሌስትራው፣ ማለትም ጅማቱ፣ ላይ ነው። ቆሞ ሲያዩት ምንም የለበትም። በቀስታ ሲነዱትም ድምፅ አያሰማም። ስንጥቁ የሚታወቀው ተጭኖ ኮሮኮንች ላይ በፍጥነት ሲለቀቅ ነው። ኮሮኮንቹ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። ርቀቱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን መሬቱን በበለጠ ኃይል ይመታል፣ ባትና ቋንጃም በፍጥነት ይለጠጣሉ። 5 ኪሎ ሜትር ሲሆን ይብሳል። ባሌስትራ ግን ራሱን አይጠግንም። ጅማት ጊዜና ቀስ በቀስ የሚጨምር ጫና ካገኘ ይጠገናል።

ተንታኙ «ረፍት ፍጥነት ይገድላል» ሲልም ሰምቼዋለሁ። በሁለት ሳምንት ረፍት ቀድሞ የሚቀንሰው ፈሳሹ የደም ክፍል፣ ፕላዝማው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሶምሶማ ትንፋሽ ያሳጥራል። ልምምድ ሲጀመር ግን ቶሎ ይመለሳል። በዓመታት የተገነባ ኮንዲሽን በሁለት ሳምንት አይጠፋም።

ጥሩነሽ ዲባባ ሚያዝያ 15 ቀን 2009 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። ሐምሌ 29 እዚያው ለንደን፣ በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ብር አገኘች። ማራቶን ፍጥነትን አይነካም የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ። በመካከል ያለውን ከሦስት ወር በላይ ጊዜ ግን ይዘሉታል።

በጥቅምት መግቢያ የቺካጎ ማራቶንን ሮጦ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ የሚመጣ ሰው አምስት ስድስት ሳምንት አለው። በአግባቡ ከተጠቀመበት ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በእግር መሄድ ብቻ። በሁለተኛው ሣር ላይ ቀለል ያለ ሶምሶማ። በሦስተኛው፣ ሶምሶማው ሲያልቅ 80 ወይም 100 ሜትር ዘና ብሎ ጥቂት ጊዜ መፍጠን። የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ፍጥነት (ፔስ) የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው። የቆዩ ሯጮች ለሮጣችሁት ለእያንዳንዱ ማይል አንድ ቀን ሳትወዳደሩ ቆዩ ይላሉ፤ 26 ቀን ገደማ መሆኑ ነው። በቤተ ሙከራ የተለካ ሕግ አይደለም፤ ለአማተር ሯጭ ግን ደህና መነሻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ሰዓቱ ቢዘገይ በማራቶኑ አያሳብብ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግድግዳ ተደግፋችሁ በአንድ እግር ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ ከደከመ ገና ናችሁ።

እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ምልክቱን ይሸፍናል፤ በተለይ ውሃ ሲያንስ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም የአጥንት ቦታ ላይ ከሆነ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ታዩ። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭም ይህን ለሐኪሟ ትንገር፤ የአጥንት ስንጥቅ ስጋቷን ከፍ ስለሚያደርገው ሳትመረመር ወደ ፍጥነት ልምምድ መግባት የለባትም።