የቋንቋ ፋይል ማጽዳት ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብትገቡ፣ «ዲስኩ ሞላ» እያለ የሚነጫነጭ አሮጌ ላፕቶፕ አታጡም። ሰው ቶሎ የሚያጠፋው ፎቶና ፊልም ነው። የቋንቋ ፋይሎችን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

አንድ ሶፍትዌር ስትጭኑ ሜኑውም ማስጠንቀቂያውም በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ አብሮ ይመጣል። ፊንላንድኛ አለ፣ ኮሪያኛ አለ፣ ፖርቱጋልኛ አለ። እናንተ የምትጠቀሙት አማርኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ሌላው ቦታ ይዞ ተቀምጧል። እሱን ማውጣት ነው እንግዲህ የቋንቋ ፋይል ማጽዳት የሚባለው።

ይህ ሥራ የሚመቸው ሊኑክስ ለተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) ነው። የሊኑክስ ዓይነቶች በሆኑት በኡቡንቱና በዴቢያን አብዛኞቹ ትርጉሞች «ሎኬል» በሚባል አንድ ፎልደር ስለሚከማቹ፣ «ሎኬልፐርጅ» የተባለውን ፕሮግራም ስትጭኑ የትኞቹ ቋንቋዎች ይቆዩ ብሎ ይጠይቃችሁና ሌላውን ይጠርጋል፤ ከዚያ በኋላም አዲስ ሶፍትዌር በገባ ቁጥር ራሱ ያጸዳል። እንግሊዝኛንና አማርኛን መምረጥ እንዳትረሱ። በዊንዶውስ ከሴቲንግ ገብታችሁ የማትፈልጉትን የቋንቋ ጥቅል ማስወጣት ይቻላል። ማክ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ፋይሎቹ በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ስለሆኑ፣ ስትነካኳቸው የፕሮግራሙ ዲጂታል ፊርማ (ፕሮግራሙ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጠው ምልክት) ተበላሽቶ አልከፈትም ሊል ይችላል።

«አማርኛ መጻፍ ያቅተኝ ይሆን?» ብሎ የሚሰጋ አይጠፋም። አያቅትም። ፎንቱም ኪቦርዱም ሌላ ነገር ናቸው። የአማርኛውን ትርጉም በስህተት ብታጠፉት እንኳ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ ሥራ አያቆምም፣ ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል እንጂ። (ለነገሩ በብዙ ሶፍትዌር የአማርኛው ትርጉም ራሱ ጎደሎ ነው፤ አንዱ መስመር በአማርኛ፣ ቀጣዩ በእንግሊዝኛ።) የጠፋውን ለመመለስ ግን ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ያ ደግሞ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይበላል።

ትርፉስ? ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። ጠቅላላ ዲስኩ 32 ጊጋባይት ለሆነ ትንሽ ላፕቶፕ ይህ ቀላል አይደለም፣ አፕዴት አልወርድ ያለው ሊወርድ ይችላል። 500 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ሰው ግን በዚህ አይድከም፣ መጀመሪያ የዳውንሎድ ፎልደሩን ይክፈት።