ፌማ «ብቁ አይደሉም» ብሎ ሲጽፍልዎ

አሜሪካ ውስጥ አውሎ ነፋስና ጎርፍ ካለፈ በኋላ ለፌማ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት፣ ያመለከተ ሰው «ብቁ አይደሉም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ደብዳቤውን እስከ ታች ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ነገሩ የጎደለ ወረቀት ነው፦ መታወቂያ፣ ቤቱ ውስጥ እንደሚኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ወይም የኢንሹራንስ ውሳኔ።

በጣም የሚያምታታው የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። ፌማ ኢንሹራንስ የከፈለውን ጉዳት ደግሞ አይከፍልም። ስለዚህ ኢንሹራንስ አለኝ ካሉ፣ ድርጅቱ ስንት እንደከፈለ ወይም አልከፍልም እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቅዎታል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም። በ2017 ሃርቬይ የተባለው አውሎ ነፋስ የቴክሳሷን ከተማ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቃት ብዙ ቤተሰብ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበረውም። ያ የሚያበሳጭ የ«አንከፍልም» ወረቀት እዚህ ጋ ዋጋ አለው፤ አይጣሉት።

ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን እንጂ እጅዎ ከገባበት አይደለም።

ወላጅ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውም፣ አብሮት የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ልጅ ካለው በልጁ ስም ማመልከት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ማመልከቻው ነጻ ነው፤ ቤት ሊመረምር መጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው። የራሰውን ምንጣፍ ከመጣልዎ በፊት ፎቶ ያንሱት።