ካሜራ ትራፕ ምንድን ነው? ማታ ጓሯችን የሚገባውን ለማወቅ

ጎጃም ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የማያያቸው ጎረቤቶች አሉት። ሲነጋ የሚታየው ሥራቸው ብቻ ነው። የተቆፈረ የድንች መደብ፣ ከአጥር ስር የተከፈተ ቀዳዳ፣ ከቆጥ የጎደለች ዶሮ። ወዲያው ወቀሳው ይጀመራል፤ አንዱ ጃርት ናት ይላል፣ ሌላው ሸለምጥማጥ ነው ይላል። ያየ ግን የለም።

ካሜራ ትራፕ ሰው በሌለበት እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ግንድ ላይ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ታስሮ ያድራል። ጠዋት ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ማየት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆርጅ ሺራስ የሚባል አሜሪካዊ ከ100 ዓመት በላይ በፊት እንስሳት በሚያልፉበት መንገድ ላይ ገመድ ይዘረጋ ነበር። እንስሳው ገመዱን ሲነካው ብልጭታው ይበራል፣ ፎቶውም ይነሳል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1906 እ.ኤ.አ. 74 ፎቶዎቹን አትሞለታል። ዛሬ የገመዱን ሥራ የሚሠራው የሙቀት ሴንሰር፣ ማለትም ሙቀትን የሚለይ መሣሪያ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ተደቅኖ ሲጠብቅ ምስል አያይም፤ የሚጠብቀው ሙቀት ነው። የእንስሳ ገላ በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይለቃል። ከአካባቢው የሚለይ ሙቀት ያለው ነገር በሴንሰሩ ፊት ሲንቀሳቀስ ካሜራው ይነቃና ያነሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል፤ የሙቀት ልዩነትና እንቅስቃሴ።

ይህን ካወቃችሁ ግራ የሚያጋባው ነገር ሁሉ ይገባችኋል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሞቃት ገላ ያላት ጃርት ለሴንሰሩ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ቀትር ላይ ግን አየሩም መሬቱም የእንስሳውን ገላ ያህል ስለሚሞቅ ካሜራው ፊቱ የሚያልፈውን ሊስት ይችላል። እስስትማ የገላዋ ሙቀት ከአካባቢዋ ጋር አብሮ ስለሚሄድና እርምጃዋም ዝግ ያለ ስለሆነ ሴንሰሩ አይነቃላትም። እሷን በቀን፣ በእጅ፣ በስልክ ማንሳት ይሻላል። ረጋ ብላችሁ ከቀረባችኋት ጊዜ ትሰጣችኋለች።

ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ከሙዝ ቅጠል ተጠንቀቁ። ፀሐይ ያሞቀው ሰፊ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራውን እያታለለ ካርዱን በባዶ ፎቶ ይሞላዋል። ከካሜራው ፊት ያለውን ረጅም ሣርና ቅጠል ቀድሞ ማጽዳት ግድ ነው።

ማታ ካሜራው የሚያበራው ለዓይን እምብዛም በማይታይ ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ መብራት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። 850 ናኖሜትር (የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ነው) የሚባለው ራቅ አድርጎ ያበራል፣ ግን አምፖሎቹ ደብዘዝ ብለው ሲቀሉ ይታያል። 940 የሚባለው በዓይን አይታይም፣ ርቀቱ ግን አጭር ነው። ለጓሮ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጓሮ ጠባብ ነው፤ እንስሳውም አይደነግጥም።

የሌሊቱ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለሚሆን በቀለም መለየት አይቻልም። ቅርጽና ጅራት ማየት ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው፤ ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ረጅምና ባለ ቀለበት ነው፤ ዛፍም ይወጣል። ጥርኝም ነጠብጣብ አለው፤ ግን ከሸለምጥማጥ ይገዝፋል፣ ዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል፣ ጀርባው ላይም የሚቆም ጋማ አለው። ጃርትን ማንም አይስታትም። እሾኋን ትወረውራለች የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ካሜራውን ቪዲዮ ላይ ካደረጋችሁትና ውሻ ከገጠማት በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ እሾኋን ታቆማለች፣ ታንኳኳለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደች ትወጋለች። የላላው እሾህ እዚያው ይወድቃል።

ይህን መለየት ትርፉ ብዙ ነው። ሸለምጥማጥ ዶሮ መብላቱ አይካድም። ነገር ግን ከዋና ምግቡ አንዱ አይጥ ነው፤ እህል ላለው ቤት ይጠቅማል። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መርዝ ሲበተን አይጡም፣ የተመረዘውን አይጥ የበላው ጉጉትም፣ የቤቱ ድመትም አብረው ያልቃሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ቆጡን በደንብ መዝጋት ይቀላል።

አሁን ወደ አቀማመጡ። አብዛኞቹ ካሜራዎች የተሠሩት ለትልልቅ እንስሳት ነው። ደረት ከፍታ ላይ ከሰቀላችሁት ትንሹ እንስሳ ከሥሩ ያልፋል። ከመሬት ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ እሰሩት። በጣም ማስጠጋትም አይሆንም፤ ፎከሱ ቋሚ ስለሆነ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች የቀረበው ሁሉ ይደበዝዛል። ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሩት፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካየ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ቦታ ለመምረጥ ቀላሉ ዘዴ አመድ ነው። ማታ ከካቡ ጥግና ከአጥሩ ቀዳዳ ሥር አመድ ነስንሱ። ጠዋት ዱካ ያለበት ቦታ የካሜራው ቦታ ነው።

ሥጋ አታስቀምጡ። ጅብና ባለቤት የሌለው ውሻ ይጠራል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በሩቅ የሚታይ ነገር አይደለም። በበጋ ዝቅ ያለ የውሃ ሳህን ይበቃል።

የባትሪ ድንጋዩ ጥሩ ይሁን፤ ርካሹ በብርድ ሌሊት ቶሎ ይደክማል። ክረምት ላይ ካሜራውን ስትከፍቱ እጃችሁም ክዳኑም ደረቅ ይሁን። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ተዉትና ስታነቡ ስድስት ቀንሱ፤ ቁጥሩ ስድስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ስድስት ጨምሩ፣ ከ18 በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 01:00 ካለ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ካሜራው ወደ ጎረቤት በር ወይም ሰው ወደሚያልፍበት መንገድ እንዳያይ አድርጉት። ስትሰቅሉት ደግሞ ለጎረቤት ንገሩ፤ የእነሱም ዶሮ ጠፍቶ ከሆነ ፎቶውን አብረው ማየት ይፈልጋሉ።