ጡንቻ ሲጫን፦ በኮምፒውተር ሞዴል የሚታየው

ለረጅም ጊዜ የተኛ ሕመምተኛን የሚይዘው የአልጋ ቁስል ሁልጊዜ ከቆዳ አይጀምርም። ከባዱ ዓይነት የሚነሳው ከውስጥ ነው፤ ጡንቻ አጥንት ላይ ከሚጨፈለቅበት ቦታ። ቆዳው ላይ ብቅ ሲል ውስጡ ቀድሞ ተጎድቷል። ጡንቻ በጫና ስር ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ማስላት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ጡንቻ ለስሌት አስቸጋሪ ነው። ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ሲጫኑት መጠኑ እምብዛም አይቀንስም፤ ወደ ጎን ያብጣል። በክሮቹ ርዝመት ሲጨመቅና በአግድም ሲጨመቅ አመላለሱ ይለያያል። ጊዜም ይቆጠራል። የበሬ ብሩንዶ ላይ ጣታችሁን በፍጥነት ብትጫኑ ይታገላችኋል፤ ቀስ ብላችሁ ብትጫኑ ይለቅላችኋል። ጣታችሁን ስታነሱ ጎድጓዳው ወዲያው አይሞላም።

ሞዴሉ የሚጀምረው የሰውነትን ውስጥ ከሚያሳየው የኤምአርአይ ምስል ነው። ቆዳው፣ ስቡ፣ ጡንቻውና አጥንቱ ይለያሉ። ከዚያ አካሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይሸነሸናል፤ ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። ለእያንዳንዱ ክፍል የጥንካሬ ሕግ፣ ማለትም ሲጫን ምን ያህል እንደሚታገል የሚናገር ቀመር፣ ይሰጠዋል። ኦግደን የተባለ ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ለጎማ ያወጣው ቀመር ዛሬም ለጡንቻ በሰፊው ይሠራበታል። ሰው ሲቀመጥ በሞዴሉ ላይ ይበልጥ ተጨፍልቆ የሚታየው ከመቀመጫ አጥንቱ ስር ያለው ጡንቻ ነው። ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። መጨፍለቁ ከበረታ ሴሎቹ ራሳቸው በደቂቃዎች ይጎዳሉ። ቀለል ያለው ጫና ግን ደም ሥር ዘግቶ ሴሎቹን በሰዓታት ይገድላል። አስታማሚ ሕመምተኛውን በየ2 ሰዓቱ እንዲያገላብጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። ሰው ሁሉ «ፖሊ» የሚለው የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተከፈተ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. «ፔዳ» ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፈለገ ሕይወትም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። መሐንዲሱና ታማሚው አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ይህን ስሌት የሚሠራው ኤፍ-ኢ-ባዮ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ቀለል ላለ ሞዴል አንድ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል።

ከባዱ የጡንቻውን ጥንካሬ መለካቱ ነው። ከጤነኛ ሰው እግር የተወሰደ ቁጥር ሽባ ለሆነ ሰው አይሠራም። የእሱ ጡንቻ ሳስቷል፤ ስብም ገብቶበታል። ስለዚህ ለዊልቸር ትራስ ወይም ለፍራሽ የሚወጣ ንድፍ የሚጠቀሙበትን ሰዎች ራሳቸውን ለክቶ መነሳት አለበት።