በጽዋው ፊት የተነሣ ድንጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰኔ 27 እዚሁ ደሴ የመድኃኔዓለምን ጽዋ ልንጠጣ ተሰብስበን ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ አንድ ወንድማችን የግሪክን ነገር አነሣ። «ኦርቶዶክስ የሆነች ሀገር እንዴት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ታጸድቃለች?» አለ። ነገሩ እውነት ነው። በየካቲት 2016 ፓርላማዋ በ176 ድምፅ አጽድቆታል፤ 76 ተቃውመዋል፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም አጥብቃ ተቃውማለች። እስከዚህ ድረስ ወግ ነበር። ከዚያ ስድብ መጣ፣ ሳቅ መጣ፣ በመጨረሻም «እዚህ ቢገኝ በድንጋይ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህ ሁሉ ጽዋው ፊት ነው።

የማምነውን አልሸሽግም። ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ተክሊል የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እ.ኤ.አ. በ2001 ኔዘርላንድስ ብትጀምረው፣ በ2006 ደቡብ አፍሪካ ብትከተል፣ የፓርላማ ድምፅ ምሥጢሩን አይለውጠውም። በእኛ ሀገር ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል። ታዲያ ያ ድንጋይ የተነሣው ለማን ነው?

ወንድማችን የጠቀሰው ማቴዎስ 19ን ነበር፤ «ፈጣሪ በመጀመሪያ ወንድና ሴት አደረጋቸው» የሚለውን። እኔም እወደዋለሁ። ግን እባካችሁ ከፍ ብላችሁ ቁጥር 3ን አንብቡ። ጌታችን ይህን የተናገረው ለማን ነው? «ሰው በሆነው ምክንያት ሁሉ ሚስቱን ሊፈታ ተፈቅዶለታልን?» ብለው ሊፈትኑት ለመጡ ፈሪሳውያን ነው። ሚስት አግብተው፣ ሚስታቸውን ለመስደድ ምክንያት ለሚፈልጉ ወንዶች! «ስለ ልባችሁ ጥንካሬ» ያለውም ለእነርሱ ነው። ወዮ ለእኛ! ቃሉን ባሕር ማዶ እንወረውረዋለን፤ እርሱ ግን የተላከው ወደ ቤታችን ነው። ያን ዕለት ከተቀመጥነው ውስጥ በሰማንያ ተጋብተን «ስናረጅ እንቆርባለን» እያልን ዓመታት ያስቆጠርን ስንት ነን? የልጆቹን እናት አውጥቶ ቀለብ እንኳ የማይሰጥ አልነበረም? ነበረ። ከሁሉም በላይ ይጮህ የነበረው እርሱ ነው። ይህን ስጽፍ እያዘንሁ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት፣ ሰኔ 24፣ የሙሴ ጸሊምን በዓል አክብረን ነበር። ሙሴ በገዳም ሳለ፣ አባቶች ባጠፋ አንድ መነኩሴ ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው ቢጠሩት፣ በተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ተሸክሞ መጣ። «ምንድን ነው አባታችን?» ቢሉት፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ በወንድሜ ልፈርድ ግን መጣሁ» አላቸው። ያን ወንድም ምንም ሳይሉት ተዉት። ቅርጫቱን የተሸከመው የቀድሞ ሽፍታ ነው፤ ሰው የገደለ እጅ ነው። እኛ ግን ትምህርቱን ከሦስት ቀን በላይ አላቆየነውም።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት እናት የደረሳትን ዳቦ ሳትቀምስ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር አየሁ። ተነሥታ ወጣች። ዝናብ ነበርና እስከ በር ሸኘኋት። «መምህር፣ የአንዳችን ልጅ ቢሆንስ?» አለችኝ። ዝም አልሁ። አስተማሪ ነኝ እያልሁ አንዲት ቃል አጣሁ።

ንጉሥ ሚካኤል በዚህች ከተማ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የምድር ንጉሥ አዳራሽ አይጠየፍ ተብሎ፣ የመድኃኔዓለም ጽዋ ሰው ይጠየፍ? እጁን ዘርግቶ የተሰቀለው ለማን ነው?

የሐምሌው ተራ የእኔ ነው። ያቺን እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ እጠራታለሁ። «በድንጋይ ነው» ያልኸው ወንድሜ፣ አንተም አትቅር። አስቀድመህ ንስሐ አባትህን አግኝ፤ ለልጆችህም ቀለባቸውን አድርስ። ከዚያ መጥተህ አጠገቧ ትቀመጣለህ፤ ጠላውንም አንተ ትቀዳላታለህ።